የአንባቢያን ጥያቄ፦ መድኃኒት የሚሠራ ባክቴሪያ

ባለፈው እትም ስለ ፕሮባዮቲክ (ለጤና ይበጃል ተብሎ ስለሚወሰድ ሕያው ባክቴሪያ) የሰጠሁት አጭር መልስ ብዙ ደብዳቤ አስከትሏል። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች የሚጠይቁት ስለ ተራው ፕሮባዮቲክ ሳይሆን፣ ተመራማሪዎች ዘረ-መሉን ለውጠው በሽታ እንዲያክም ወደ ሰው አንጀት ስለሚልኩት ባክቴሪያ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንጀራዬ ባክቴሪያ ማሳደግ ነበርና ጉዳዩ ለእኔም ቅርብ ነው። ዛሬ አምዱን በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

*ልጄ በተወለደች በሳምንቷ፣ ከተረከዟ በተወሰደ ደም ፌኒልኬቶኑሪያ እንዳለባት ታወቀ። አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ባቄላ አትቀምስም። የምትበላውን ሁሉ በሚዛን እየመዘንኩ ነው የምሰጣት። ዘረ-መሉ የተለወጠ ባክቴሪያ በመጠጣት ብቻ እንደ ሌሎች ልጆች መብላት እንደሚቻል ሰማሁ። እውነት ነው? ከየት አገኘዋለሁ?*
*የስድስት ዓመት ልጅ እናት*

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ በየማዕዱ ሚዛን ፊት መቆም ምን ማለት እንደሆነ እያሰብኩ ነው የምጽፍልዎ። ስለዚህ ቁርጡን አስቀድሜ ልንገርዎ። ያ ሕክምና ዛሬ የትም አይገኝም። ወሬው ግን መሠረት የለሽ አይደለም፤ ሙከራው በእርግጥ ነበረ፣ እስከ ሦስተኛው ምዕራፍም፣ ማለትም ከመፈቀዱ በፊት እስካለው የመጨረሻ ትልቅ የሰው ሙከራ፣ ደርሶ ነበር። የቆመው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ነው (በዚህ አምድ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የልጅዎ ጉበት ፌኒልአላኒን የተባለውን፣ በፕሮቲን ውስጥ የሚገኝ አሚኖ አሲድ የሚለውጠው ኢንዛይም በበቂ ሁኔታ እንደማይሠራ ሐኪሟ ነግሮዎታል። ከምግብ የሚገባው ፌኒልአላኒን መሄጃ ሲያጣ በደም ውስጥ ይከማችና በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ይጎዳል። በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1934 የለየው ኖርዌያዊው ሐኪም አስቢዮርን ፎሊንግ ነው። ነገሩን የጀመረችው ግን አንዲት እናት ነበረች። የሁለት ልጆቿ አእምሮ እየዘገየ ሲሄድና ሰውነታቸው ለየት ያለ ሽታ ሲያመጣ፣ ምክንያቱን ሳታውቅ አልተኛም ብላ ከሐኪም ሐኪም ተንከራተተች። በመጨረሻ ፎሊንግ የልጆቹ ሽንት ላይ የብረት ክሎራይድ ጠብ ሲያደርግ ሽንቱ አረንጓዴ ሆነ። ይህን የምነግርዎ ሚዛንዎን ይዘው ለመጠየቅ እንዳያፍሩ ብዬ ነው።

ስለ ተረከዝ ደም ምርመራውም አንድ ነገር ልጨምር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ሮበርት ጉትሪ የዘረጋው ምርመራ ራሱ የሚሠራው በባክቴሪያ ነበር። ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለው ባክቴሪያ እድገቱን የሚገታ ቅመም ባለበት አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት እንደ ጄሊ ያለ ምግብ) ላይ ይዘራል፤ ከዚያ የሕፃኑ ደም የደረቀበት ትንሽ ክብ ወረቀት በላዩ ይቀመጣል። በደሙ ውስጥ ፌኒልአላኒን ከበዛ የቅመሙ ኃይል ይሸነፍና ባክቴሪያው በወረቀቱ ዙሪያ እንደ ቀለበት ይበቅላል። ስለዚህ የዚህን በሽታ ምሥጢር መጀመሪያ በብዛት ያወጣልን ባክቴሪያ ነው። ሕክምናውንም ከእሱ መጠየቅ ያን ያህል የራቀ ሐሳብ አልነበረም።

ሲንሎጂክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የተነሣው ኢ. ኮላይ ኒስል 1917 ከሚባል ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ የራሱ ታሪክ አለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች በተቅማጥ ሲረግፉ አንዱ ምንም ሳይነካው ቀረ። በጀርመን የፍራይቡርጉ ሐኪም አልፍሬድ ኒስል ከዚያ ወታደር ሰገራ ባክቴሪያውን ለየው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መቶ ዓመት ያህል ሰዎች ወስደውታል፤ ተመራማሪዎችም የሚመርጡት ጠባዩ በደንብ ስለሚታወቅ ነው። ኩባንያው በዚህ ባክቴሪያ ውስጥ የሌላ ባክቴሪያ ዘረ-መል ከተተበት፤ ፎቶራብደስ ከሚባለውና በጥቃቅን ትሎች ውስጥ እየኖረ ነፍሳትን ከሚገድለው፣ በጨለማም ከሚያበራው ባክቴሪያ የተወሰደ ነው። ዘረ-መሉ የሚያዘው ኢንዛይም ፌኒልአላኒንን ሰብሮ ትራንስ-ሲናሚክ አሲድ ያደርገዋል። ሰውነት ያንን ወደ ሂፑሪክ አሲድ ለውጦ በሽንት ያስወጣዋል። ስለዚህ ባክቴሪያው ሆድ ውስጥ ሥራ ላይ መሆኑን ከሽንት ማንበብ ተቻለ። ይህ ውብ አሠራር ነው፤ ስለ እሱ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ሥራዬን አቋርጬ ለባልደረቦቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

በአይጦችና በዝንጀሮዎች ሠራ። በሰዎች ላይ በተደረጉት የመጀመሪያ ሙከራዎችም በአንዳንዶቹ ሕሙማን ደም ውስጥ ያለው የፌኒልአላኒን መጠን ቀነሰ። የተሻሻለው ባክቴሪያ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ እስከ አንድ ትሪሊዮን እየተደረገ ይወሰድ ነበር። በሦስተኛው ምዕራፍ መካከል ግን ገለልተኛ ኮሚቴ ውጤቱን አይቶ ሙከራው የተነሣለትን ግብ የመምታቱ ነገር የማይመስል መሆኑን ተናገረ፤ ኩባንያውም አቆመው። የቆመው ጉዳት አድርሶ አይደለም፤ በቂ ስላልሆነ ነው። እንደኔ ግምት ችግሩ ጊዜ ነው። ፕሮቲን ከተዋጠ በኋላ በቀጭኑ አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ደም ለመግባት ብዙ አይቆይም። ባክቴሪያው ደግሞ በዚያች አጭር መንገድ ላይ እያለፈ ነው የሚበላው። ጉበት ቀንና ሌሊት የሚሠራውን ሥራ በሦስት ኩባያ መተካት ከባድ ነው።

አሁን በእጅ ወዳለው ልምጣ። ሳፕሮፕቴሪን የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ከ2007 ጀምሮ አለ፤ የሚሠራው ግን የራሳቸው ኢንዛይም ትንሽም ቢሆን ለሚንቀሳቀስላቸው ሕሙማን ነው። ሴፒያፕቴሪን ደግሞ በ2025 በአሜሪካም በአውሮፓም ተፈቅዷል። ፔግቫሊየስ የተባለው መርፌ የያዘው ኢንዛይም ከዚያ ባክቴሪያ ኢንዛይም ጋር ዘመድ ነው፤ በ2018 የተፈቀደው ግን ለአዋቂዎች ሲሆን ከባድ አለርጂ ሊያስነሣ ስለሚችል በጥንቃቄ ነው የሚሰጠው። ስለ ሁለቱ የሚዋጡ መድኃኒቶች የልጅዎን ሐኪም ይጠይቁ፤ ለእርሷ ይሆኑ እንደሆነ በምርመራ ይለያል። እስከዚያው ሚዛኑን አያስቀምጡ።

*ክሮንስ የተባለው የአንጀት በሽታ አለብኝ። አንድ የማውቀው ሰው የአንጀትን ብግነት የሚያጠፋ ፕሮቲን የሚያመርት የተለወጠ ባክቴሪያ እንዳለ ነገረኝ። እሱን እየጠበቅሁ የያዝኩትን መድኃኒት ባቋርጥ ምን ይለኛል? መድኃኒቱ ሰልችቶኛል።*
*ስሜ ይቆይ*

ወንድሜ፣ አያቋርጡ። ምክንያቱን አሁን እነግርዎታለሁ፤ ይህችን ቃል ግን ቀሪውን ባያነቡ እንኳ ይያዙልኝ።

የተነገረዎት ባክቴሪያ አለ። በቤልጂየም ጌንት ያሉ ተመራማሪዎች ላክቶኮከስ ላክቲስ የተባለውን፣ አይብ የሚሠራበትን ባክቴሪያ ወስደው ኢንተርሊውኪን-10 የተባለውን ብግነት የሚያበርድ ፕሮቲን እንዲያመርት አደረጉት። በ2000 ባወጡት ሥራ የአይጦች የአንጀት ብግነት ቀነሰ። በ2006 ደግሞ በአምስተርዳም ለ10 የክሮንስ ሕሙማን ተሰጠ፤ ዘረ-መሉ የተለወጠ ሕያው ባክቴሪያ ለሰው መድኃኒት ሆኖ ሲሰጥ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ጉዳት አላደረሰም፤ የአንዳንዶቹም ሕመም ቀለለ። ነገር ግን ያ ሙከራ ማወዳደሪያ ቡድን አልነበረውም። በኋላ የትልቁ አንጀት ቁስለት የተባለው ዘመድ በሽታ ያለባቸው ብዙ ሕሙማን ተይዘው ከማስመሰያ መድኃኒት ጋር ሲነጻጸር የሚያኮራ ልዩነት አልታየም። ክሮንስ በራሱ ጊዜ የሚነሣና የሚበርድ በሽታ መሆኑን እርስዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ። እንዲህ ላለ በሽታ ማወዳደሪያ የሌለው መልካም ዜና ገና ዜና አይደለም።

ማቋረጥን በተመለከተ ታናሽ ወንድሜን ልንገርዎ። ከእርስዎ በሽታ ጋር የሚዛመድ የትልቁ አንጀት ቁስለት አለበት። አንድ ቀን እኔ ጋ መጥቶ አንድ ብልቃጥ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ፤ ሻጩ «ይህ በቂ ነው» ብሎት የሐኪሙን መድኃኒት ካቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። መለያው ላይ በእንክብል ሃምሳ ቢሊዮን ሕያው ባክቴሪያ እንዳለ ተጽፏል። አንዱን እንክብል ከፍቼ ዱቄቱን በጨው ውሃ በጠበጥኩት፣ በአጋር ላይ ዘራሁት፤ ኦክስጅን የሚጠሉ እንዳሉም አስቤ ግማሾቹን ሳህኖች አየር በማይገባበት ዝግ ዕቃ አስቀመጥኳቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ሁለቱንም አወጣሁ። በሁሉም ሳህኖች ላይ በድምሩ አሥራ አንድ ነጠብጣብ ብቻ ነበር የበቀለው። ቁጥሩን ልነግረው ስደውል ስልኩን ያነሣችው ባለቤቱ ነበረች፤ ሌሊቱን ደም ፈሶት ሆስፒታል ተኝቷል። ዛሬ ደህና ነው፤ መድኃኒቱን ዳግም ይወስዳል። እኔ ግን ያንን ሳህን ፎቶግራፍ አንሥቼ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ በፍትሕ መነገር አለበት። ያልተለወጠው ኒስል 1917 በትልቁ አንጀት ቁስለት ላይ በደንብ ተፈትሿል። በ2004 በታተመና 327 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት በሽታው እንዳያገረሽ በመጠበቅ ረገድ ለቁስለቱ ከተለመደው መድኃኒት ከሜሳላዚን ያላነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ግን ለቁስለቱ እንጂ ለክሮንስ አይደለም፤ የተሞከረውም በሐኪም እጅ፣ በተቆጠረ መጠን ነው። መድኃኒቱ ከሰለቸዎ ስልቸታውን ራሱን ለሐኪምዎ ይንገሩት። በየቀኑ የሚወሰደውን በየሳምንታቱ በሚሰጥ መርፌ መቀየር የሚቻልበት ጊዜ አለ።

*ኢንሱሊንም እኮ የሚሠራው በባክቴሪያ ነው ይባላል። ታዲያ አዲስ ነገሩ ምንድን ነው?*
*የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ*

ልክ ነዎት፤ የሰው ኢንሱሊን በባክቴሪያ የተሠራው በ1978 ነው፤ በ1982 ለገበያ ተፈቀደ። በዚያ አሠራር ግን ባክቴሪያው ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፣ ይሞታል፣ ኢንሱሊኑ ተጣርቶ ይወጣል። በሽተኛው ባክቴሪያውን አያገኘውም። እዚህ ፋብሪካው ራሱ ይዋጣል። የመድኃኒቱ መጠን፣ የሚቆምበት ጊዜ፣ ጥራቱ፣ ሁሉም በሕያው ፍጡር ጠባይ ላይ ይወድቃል፤ ቀጣዩ ጠያቂም የሚፈራው ይህንኑ ነው።

*የሁለት ልጆች አባት ነኝ፣ መምህርም ነኝ። የተለወጠ ባክቴሪያ ከበሽተኛው ወጥቶ በቤተሰቡ፣ በወንዙ፣ በአፈሩ ቢዛመትስ? ማን ይመልሰዋል?*
*መምህሩ*

መምህር፣ ይህ ጥያቄ ዘረ-መል ቆርጦ ከሌላ ጋር መቀጠል ከተጀመረበት ዘመን ጋር እኩያ ነው። በ1975 በካሊፎርኒያ አሲሎማር የተሰበሰቡት ሳይንቲስቶች ዋና ጭንቀታቸው ይኸው ነበር። ባክቴሪያው እንዳያመልጥ ከተስማሙባቸው መንገዶች አንዱም ከቤተ ሙከራ ውጭ መኖር የማይችል ባክቴሪያ መጠቀም ነው።

ይህን በዓይኔ ስላየሁት እንዳየሁት ልንገርዎ። ከጡረታዬ ሁለት ዓመት በፊት አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ዳፕኤ የተባለው ዘረ-መሉ የተቆረጠ ኢ. ኮላይ ይዛ መጣች። ይህ ዘረ-መል ባክቴሪያው የገላውን ግድግዳ የሚያቆምበትን ዳያሚኖፒሜሊክ አሲድ የሚሠራለት ነው። ሁለት ሳህን አዘጋጀን። አንዱ አጋር ላይ አሲዱን ጨመርን፣ ሌላኛውን ያለ እሱ ተውነው። ከአንድ ብልቃጥ ቀድታ ሁለቱንም እኩል ዘራች። በማግሥቱ ከ37 ዲግሪው ሣጥን ስናወጣቸው የመጀመሪያው በገለባማ ነጭ ነጠብጣብ ተሸፍኗል፤ ያ የኢ. ኮላይ ከባድ ሽታም ይመጣል። ሁለተኛው እንደ መስታወት ጠርቷል። በብርሃን ላይ ይዤ አገላበጥኩት፤ አንድም አልነበረም። ለባክቴሪያው ምቹ ምግብ ሞልቶታል፤ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ያም ግድግዳው እንዳይቆም በቂ ሆነ። ሲንሎጂክ ለፌኒልኬቶኑሪያ በሠራቸው ባክቴሪያዎች ውስጥ የቆረጠው ይህንኑ ዘረ-መል ነው። የአምስተርዳሙ ላክቶኮከስ ደግሞ ለዲኤንኤው የሚያስፈልገውን ታይሚዲን የሚሠራበት ዘረ-መል ተነሥቶ በቦታው የኢንተርሊውኪን-10 ዘረ-መል ገባ፤ ታይሚዲን ካላገኘ ይሞታል፣ ታይሚዲን የሚሠራበትን ዘረ-መል ከሌላ ባክቴሪያ ቢያገኝ ደግሞ የተጨመረበትን ያጣል። በጣም ብልህ ቁልፍ ነው።

የጠራ ሳህን ግን አንጀት አይደለም። በሰውነታችን ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን የሚጠጋ ባክቴሪያ አለ፤ እርስ በርሱም ዘረ-መል ይለዋወጣል። በ2025 የታተመ አንድ ሥራ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ተመራማሪዎች ከሰው አንጀት የማይጠፋን ባክቴሪያ ወስደው፣ ለኩላሊት ጠጠር መንሥኤ የሚሆነውን ኦክሳሌት እንዲበላ አደረጉት። ከባሕር አረም የሚገኝ ፖርፊራን የተባለ ስኳርም ሰጡት፤ ሌሎቹ የአንጀት ባክቴሪያዎች ስለማይበሉት እሱ ብቻውን ይመገበዋል፣ ስኳሩ ሲቆም ደግሞ ይጠፋል ተብሎ ነው። ባክቴሪያው በአንጀት ውስጥ በደንብ ተቀመጠ። ይሁን እንጂ ድንገተኛ የዘረ-መል ለውጥና ከጎረቤቶቹ ጋር ያደረገው ልውውጥ ሥራውን አዳከሙት፤ ስኳሩ ከቆመ በኋላም አልወጣ ያለበት ሁኔታ ታየ። እኔ ይህን ሥራ የማከብረው ስለዚህ ነው፤ የፈሩትን ፈልገው አገኙ፣ ያገኙትንም ሳይደብቁ አተሙት።

የራሱ የኒስልም ነገር አለ። ይህ መቶ ዓመት የተመሰገነ ባክቴሪያ ኮሊባክቲን የተባለ፣ የሕዋስን ዲኤንኤ ሊጎዳ የሚችል ንጥረ ነገር የሚሠራበት የዘረ-መል ክምችት አለው። ዛሬ በእሱ ላይ የሚሠሩ ብዙዎች መጀመሪያ ያንን ክፍል ይቆርጡታል። ለእርስዎ ጥያቄ የእኔ መልስ እንግዲህ ይህ ነው፦ አንድ ቁልፍ አይበቃም። ሁለት፣ ሦስት ቁልፍ ያስፈልጋል፤ አንቲባዮቲክ የሚገድለው መሆን አለበት፤ ባክቴሪያው ከወሰደው ሰው ሰገራ መጥፋቱም ሙከራው ካለቀ በኋላ ለሳምንታት እየተመረመረ መረጋገጥ አለበት። ይህን የማያሟላ ሙከራ መፈቀድ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

*ስኳር በሽታን የሚያድን «በዘረ-መል የተሻሻለ ፕሮባዮቲክ» እሸጥልሻለሁ የሚል ሰው መጥቶብኛል። ልግዛ?*
*አያት*

እማማ፣ አይግዙ። ይህን እስከጻፍኩ ድረስ ዘረ-መሉ የተለወጠ ባክቴሪያ ለማንኛውም የሰው በሽታ መድኃኒት ሆኖ አልተፈቀደም። ለስኳር በሽታ የተሞከሩ አሉ፤ ሙከራ ግን በነጻ ነው የሚሰጠው፣ በሐኪም ፊት፣ ፈቃደኛነትዎን በፊርማ አረጋግጠው። በገንዘብ የሚሸጥልዎ ሰው ሙከራ እያደረገ አይደለም።

በቤትዎ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ወይም የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው ካለም ተራውን ፕሮባዮቲክ እንኳ ያለ ሐኪም አይስጡ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2023 ያለጊዜያቸው ስለሚወለዱ ሕፃናት ብርቱ ማስጠንቀቂያ ያወጣው፣ ሕያው ባክቴሪያ ወደ ደማቸው ገብቶ እስከ ሞት ሊያደርስ ስለሚችል ነው።

*የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። በዚህ ዘርፍ መሥራት እመኝ ነበር፤ አሁን ግን ሙከራዎቹ ሁሉ እየወደቁ ነው። ሌላ ብመርጥ ይሻለኛል?*
*ተማሪ*

ልጄ፣ ሌላ አትምረጥ። የወደቁትን ሙከራዎች አንድ በአንድ አንብባቸው፤ ሁሉም የወደቁት በአንድ ቦታ አይደለም። የፌኒልኬቶኑሪያው ባክቴሪያ ሥራውን እየሠራ መጠኑ አላደረሰውም። የኦክሳሌቱ በአንጀት ውስጥ ተቀመጠ፣ ነገር ግን ጠባዩን አልጠበቀም። በጉበት ሕሙማን ደም ውስጥ የሚበዛውን አሞኒያ እንዲቀንስ የተሠራው ደግሞ በጤነኞች ሆድ ውስጥ እንደሚሠራ ታይቶ በሕሙማኑ አሞኒያውን ሳይቀንስ ቀረ። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዱም ገና አልተመለሰም። የአንጀት ባክቴሪያን ብቻውን ወስዶ መድኃኒት ማድረግ እንደሚቻል ደግሞ ታውቋል፤ በ2023 በአሜሪካ የተፈቀደው፣ ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የተባለው ኢንፌክሽን እንዳይመለስ የሚዋጠው እንክብል ከጤነኛ ሰዎች ሰገራ የተለየ፣ ዘረ-መሉ ያልተለወጠ ባክቴሪያ ነው።

አሁን ያለህበት ትምህርት ቤት የማይክሮባዮሎጂ ክፍል ካለው ሄደህ ሳህን ለመቁጠር ጠይቅ። ሥራው ሁለት ሰዓት ያስቀምጥሃል፤ ዓይን ያደክማል። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ሕያው እንዳለ በራስህ እጅ ደጋግመህ ከቆጠርክ በኋላ የእነዚህን ሙከራዎች ጽሑፍ መልሰህ አንብብ፣ ከዚያም የገረመህን ጻፍልኝ።